«አብሮኝ የሚኖር ሰው አለ» ብዬ ሞላሁ፤ ምን አጠፋሁ?

ጤና ይስጥልኝ የዓምዱ አዘጋጅ፣

ከአንዲት የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ጋር ቤት ተከራይተን መኖር ከጀመርን ሁለት ዓመት አልፎናል። ኪራዩን እኩል እንከፍላለን። መኝታችን የየራሳችን ነው፤ ኩሽናውና ሳሎኑ የጋራ። በቅርቡ ውጭ አገር ለመማር አንድ የእንግሊዝኛ ፎርም ስሞላ የትዳር ሁኔታ የሚጠይቅ ቦታ ደረስኩ። ያላገባ፣ ያገባ፣ የተፋታ ካለ በኋላ «ኮሃቢቲንግ» የሚል ምርጫ ነበረው። ቃሉን አላውቀውም። መዝገበ ቃላት ሳይ «አብሮ መኖር» ይላል። አብሬው የምኖረው ሰው ስላለ እሱ ላይ ምልክት አደረግሁ። ከታች ስም ሲጠይቅ የጓደኛዬን ስም ጻፍኩ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ በስልክ ቃለ መጠይቅ ሲያደርጉልኝ «ፓርትነርሽም አብራሽ ትመጣለች?» ተባልኩ። ክው ነው ያልኩት። «ጓደኛዬ ናት እኮ፤ ቤት ነው የምንጋራው» አልኩ። ሴትዮዋ ትንሽ ዝም ብላ «እሺ፣ እናስተካክለዋለን» አለችና ወደ ሌላ ጥያቄ አለፈች። ለጓደኛዬ ስነግራት ግን ተቀየመችኝ። «ስሜን ሳትጠይቂኝ የት ነው ያስገባሽው?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ ብዙም አናወራም። ወንድሜ ደግሞ «ቃሉ እኮ ስድብ ነው» ይለኛል። የተሳሳተው መዝገበ ቃላቱ ነው ወይስ እኔ? አሁንስ ምን ላድርግ?

ግራ የገባኝ

ውድ እህቴ፣

ከቃሉ በፊት ፎርሙን እናንሳ፤ እሱ ጊዜ አይሰጥም። ሴትዮዋ በስልክ «እናስተካክለዋለን» ማለቷ መልካም ነው። ግን በስልክ የተባለ ነገር ፋይልሽ ውስጥ መግባቱን በምን ታውቂያለሽ? ስለዚህ ዛሬውኑ አጭር ኢሜይል ጻፊ። የማመልከቻ ቁጥርሽን አስቀድሚ። የትዳር ሁኔታ በሚለው ቦታ የቃሉን ትርጉም ባለማወቅ የተሳሳተ ምርጫ መምረጥሽን ግለጪ። ትክክለኛው መልስ ያላገባች መሆኑን ጻፊ። ስሟን የጠቀስሻት ሰው ቤት የምትጋራሽ ጓደኛ መሆኗን፣ የፍቅርም ሆነ የትዳር ግንኙነት እንደሌላችሁ አስረጂ። ስሟ ከፋይሉ እንዲወጣም ጠይቂ። መጨረሻ ላይ መስተካከሉን በጽሑፍ እንዲያሳውቁሽ አክዪ። በቃ። ረጅም ይቅርታ አያስፈልገውም። እንዲህ ዓይነት ስህተት ፎርም ተቀባዮች ብዙ ጊዜ ያያሉ። ቶሎ ያረመን ሰው በቅንነት ነው የሚያዩት። የሚያስቸግረው ሳይታረም ቆይቶ ሌላ ጊዜ ሌላ ፎርም ላይ የተለየ መልስ ሲገኝ ነው። ያን ጊዜ «የቱ ነው እውነቱ?» የሚል ጥያቄ ይመጣል።

ይህን የምልሽ ላስፈራራሽ አይደለም። ያቺ ትንሽ ሳጥን ግን በብዙ አገር ከባድ ናት። ካናዳን ውሰጂ። የኢሚግሬሽን ሕጓ ሳይጋቡ እንደ ጥንድ ቢያንስ አንድ ዓመት ሳያቋርጡ አብረው የኖሩ ሰዎችን «ኮመን ሎው ፓርትነር» ይላቸዋል። እነዚህ ሰዎች በማመልከቻ ላይ ልክ እንደ ባልና ሚስት አንዳቸው ሌላውን ማሳወቅ አለባቸው። ብሪታንያ ውስጥም አብሮ የሚኖር ጥንድ የመንግሥት ድጎማ ሲጠይቅ ማመልከቻው የጋራ ይሆናል፣ የሁለቱም ገቢ ይቆጠራል። ቤት የሚጋራ ጓደኛ ከሆነ ግን የጓደኛው ገቢ በአንቺ ላይ አይደመርም። አየሽ? «ከማን ጋር ትኖሪያለሽ?» የሚለውና «ኮሃቢት ታደርጊያለሽ?» የሚለው ጥያቄ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ስለ ቤትሽ ይጠይቃል። ሁለተኛው ስለ ፍቅር ሕይወትሽ፣ ከዚያም አልፎ ስለ ገንዘብሽ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። መዝገበ ቃላቱ ተሳሳተ ወይ? አልተሳሳተም፤ ግማሹን ነው የነገረሽ። ቃሉ ከላቲን የመጣ ነው። «ኮ» አብሮ ማለት ነው፣ «ሃቢታሬ» ደግሞ መኖር፣ ማደር፣ መቀመጥ። ሲገጣጠሙ አብሮ መኖር ይሆናሉ። እንግሊዝኛ ቃሉን መጠቀም የጀመረው በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ስለዚህ አጥንቱን ብቻ ካየሽ የመዝገበ ቃላቱ ትርጉም ልክ ነው። ሥጋው ግን ሌላ ነው። የዛሬ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ቃሉን ስለ ሰዎች ሲሰማ መጀመሪያ ወደ አእምሮው የሚመጣው አንድ ነገር ነው፦ ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት በአንድ ቤት የሚኖሩ ጥንዶች።

ስህተቱ የተወለደው በአማርኛው በኩል ይመስለኛል። የኛ «አብሮ መኖር» ሰፊ ነው። ጎረቤት አብሮ ይኖራል። እህትና ወንድም አብረው ይኖራሉ። ሕዝቦች፣ ሃይማኖቶች፣ አገሮች አብረው ይኖራሉ። ጥንዶችም እንዲሁ። አንዱ ሐረግ ሁሉንም ይሸከማል፤ የትኛው እንደሆነ የምንለየው ከዙሪያው ነው። ይህን ሰፊ ሐረግ ወደ ጠባቡ የእንግሊዝኛ ቃል ስታፈሺው ይፈሳል። ያንቺ ነገር ደግሞ በአማርኛ የራሱ ቃል አለው። መዳበል ነው። ጓደኛሽ ደባልሽ ናት፤ ተዳብላችሁ ነው የምትኖሩት። መነሻሽ «አብሮ መኖር» ባይሆንና «ደባል» የሚለውን ይዘሽ እንግሊዝኛውን ብትፈልጊ ኖሮ «ሩምሜት» ወይም «ፍላትሜት» ላይ ትደርሺ ነበር። ለትርጉም ሥራም ይህ ይጠቅምሻል። መጀመሪያ በራስሽ ቋንቋ የነገሩን ትክክለኛ ስም ፈልጊ፣ ከዚያ ተሻገሪ።

ባለማወቅሽ አትፈሪ። ይኸው ግራ መጋባት ከአንቺ በፊት ትልቅ መሥሪያ ቤት ውስጥም ገብቷል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ቢሮ ሳይጋቡ አብረው የሚኖሩ ጥንዶች ስንት እንደሆኑ ማወቅ ፈለገ። ሰውን በቀጥታ «ፍቅረኛሽ ነው?» ብሎ መጠየቅ ከበደው። ስለዚህ ዝምድና የሌላቸው፣ ጾታቸው የተለያየ ሁለት አዋቂዎች በአንድ መኖሪያ ካሉ እንደ አንድ ዓይነት አድርጎ ቆጠራቸው። ለዚህም ረጅም ስም አወጣለት፤ ሲያሳጥሩት «ፖስልኪው» ይሉታል። ትርጉሙ «መኖሪያ የሚጋሩ ተቃራኒ ጾታ ያላቸው ሰዎች» እንደ ማለት ነው። እስቲ አስቢው። ባሏ የሞተባት አሮጊት ለአንድ ወጣት ተማሪ ክፍል ካከራየች፣ እሷና ተማሪው ከጥንዶቹ ጋር ሊቆጠሩ ነው። ቁጥሩ በቤት መጋራትና በፍቅር መኖርን መለየት አልቻለም። በ1990 በተደረገው ቆጠራ ላይ ነገሩ ተለየ። ፎርሙ «ሃውስሜት ወይም ሩምሜት» የሚል አንድ ምርጫ፣ «ያልተጋባ ፓርትነር» የሚል ሌላ ምርጫ ይዞ መጣ። ሰዎች ራሳቸው የትኛው እንደሆኑ ይናገሩ ተባለ። አንቺ የሞላሽው ፎርም እነዚህን ሁለቱን ጎን ለጎን ቢያስቀምጥልሽ ኖሮ አትሳሳቺም ነበር። ስለዚህ ጥፋቱን ሙሉ በሙሉ በራስሽ ላይ አትጫኚው። ቃሉን ያለ ማብራሪያ የጻፈው ሰውም ድርሻ አለው።

በስዊድን ቋንቋ ደግሞ ነገሩ እንዴት እንደተለየ ተመልከቺ፤ እኔ በጣም ነው የምወደው። «ቡ» መኖር ነው። ከፍቅር አጋሩ ጋር ሳይጋባ የሚኖር ሰው «ሳምቡ» ይባላል፤ «ሳም» ያው አብሮ ማለት ነው። የስዊድን ሕግም ይህን ቃል ይዟል። በ2003 የወጣ ሕግ ሳምቡዎች ሲለያዩ ለጋራ ኑሯቸው ያፈሩት ቤትና የቤት ዕቃ እንዴት እንደሚከፈል ይደነግጋል። ፍቅረኛሞች ሆነው በየቤታቸው የሚኖሩት ደግሞ «ሳርቡ» ናቸው። ከእናቱ ቤት ያልወጣ ሰው «ማምቡ» ይባላል። ከጓደኛ ጋር ቤት የሚጋራ ደግሞ «ኮምቡ»። በስዊድንኛ ቢሆን ኖሮ አንቺ ኮምቡ ነሽ፤ ነገሩ በአንድ ቃል ያልቅ ነበር። እንግሊዝኛ እንዲህ በደንብ የተከፋፈለ የቃል ቤተሰብ የለውም፤ ስለዚህ ሰው ሐረግ ይጠቀማል።

ወንድምሽ ቃሉ ስድብ ነው ያለው ልክ አይደለም። ግን ከየት እንዳመጣው ይገባኛል። ቃሉ ፍርድ ቤት ብዙ ተመላልሷል። በ1882 የአሜሪካ ምክር ቤት ከአንድ በላይ ሚስት ያላቸውን ወንዶች የሚቀጣ ሕግ አወጣ። ዒላማው በተለይ ዩታ ውስጥ የነበሩ የሞርሞን እምነት ተከታዮች ነበሩ። ችግሩ ማስረጃ ነበር። ጋብቻዎቹ የሚፈጸሙት በዝግ ነው፤ ምስክር አይገኝም። ስለዚህ ሕጉ ጋብቻውን ትቶ ኑሮውን ያዘ። «ሕገ ወጥ ኮሃቢቴሽን» የሚል ወንጀል ፈጠረ። አንድ ወንድ ከአንድ በላይ ከሆኑ ሴቶች ጋር እንደ ባል መኖሩ ከታወቀ በቃ፤ ሠርጉን ማሳየት አያስፈልግም። ቅጣቱ እስከ 6 ወር እስራትና እስከ 300 ዶላር ነበር። በዚህ ሕግ የታሰሩት ወንዶች «ኮሃብ» የሚል ቅጽል ወጣላቸው። ፍሎሪዳም በ1868 ያወጣችው ሕግ ነበራት። ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት አብሮ መኖርን ወንጀል ያደርጋል። የተሻረው በ2016 ነው። ቃሉ እንዲህ ከክስ ወረቀት ጋር ለረጅም ዘመን ስለተጎዳኘ አንዳንድ ጆሮ ላይ አሁንም የወቀሳ ድምፅ አለው።

ግን ሌላም ታሪክ አለው፤ ይህን ለወንድምሽ ንገሪው። እንግሊዝ ውስጥ እስከ 1970 ድረስ አንድ ባል ወይም ሚስት የትዳር ጓደኛው ያለ በቂ ምክንያት ጥሎት ከሄደ ፍርድ ቤት ሄዶ «ወደ አብሮነታችን ይመለስልኝ» ብሎ መክሰስ ይችል ነበር። ሕጉ ያን አብሮነት የሚጠራው በዚሁ በኮሃቢቴሽን ነበር። እዚያ ላይ ቃሉ የተጋቡ ሰዎች ግዴታ ነው። ዛሬም የፍቺ ወረቀት ላይ «ኮሃቢቴሽን ያበቃበት ቀን» የሚል ጥያቄ ብታዪ፣ የተጋቡት ሰዎች አብሮ መኖር ያቆሙበትን ቀን ነው የሚጠይቀው። ስለዚህ ቃሉ ለብቻው ነውርም ክብርም አልያዘም። ማን እንደጻፈውና ስለማን እንደጻፈው ነው የሚለየው።

ዛሬ ቃሉ ስሜት የለውም፤ ቀዝቃዛ ነው። የጠበቃ፣ የስታቲስቲክስ ባለሙያ፣ የጥናት ወረቀት፣ የፎርም ቃል ነው። በፍቅር አብረው የሚኖሩ ሰዎች ስለራሳቸው ሲያወሩ «ኮሃቢት እናደርጋለን» አይሉም። «ሊቭ ቱጌዘር» (አብረን እንኖራለን) ይላሉ፤ ወይም «ሙቭ ኢን አደረግን» (አንድ ቤት ገባን)። አንድ ወጣት ለእናቱ ስለ ፍቅረኛው ሲነግር ይህን ቃል ቢጠቀም እናትየው የፖሊስ ሪፖርት የሰማች ይመስላታል። አንቺም በእንግሊዝኛ ስትጽፊ ይህን አስታውሺ። ወዳጅነት ባለበት ጽሑፍ ውስጥ ቃሉ አይመጥንም፤ ለሰዎቹ እውነት ቢሆን እንኳ።

ይህ ሁሉ ስለ ሰዎች ነው። ጋዜጣ ላይ ስለ ፈረንሳይ ፖለቲካ ስታነቢ ቃሉን ብታገኚው ፍቅር አትፈልጊበት። እዚያ ፕሬዚዳንቱ ከአንድ ወገን፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከተቃራኒው ወገን ሆነው አብረው ሲያስተዳድሩ ኮሃቢቴሽን ይባላል። በ1986 ሶሻሊስቱ ፕሬዚዳንት ፍራንሷ ሚተራን ከቀኝ ክንፉ ጠቅላይ ሚኒስትር ዣክ ሺራክ ጋር ለሁለት ዓመት እንዲህ ሠርተዋል። በ1993 ሚተራን ከኤዱዋር ባላዱር ጋር ደገሙት። ከ1997 እስከ 2002 ደግሞ ሺራክ ራሳቸው ፕሬዚዳንት ሆነው ከሶሻሊስቱ ሊዮኔል ዦስፓን ጋር አምስት ዓመት ቆዩ። በ2000 በተደረገ ሕዝበ ውሳኔ የፕሬዚዳንቱ ዘመን ከ7 ወደ 5 ዓመት የተቀነሰበት አንዱ ምክንያት ይህ ነበር፤ የፕሬዚዳንቱና የምክር ቤቱ ምርጫ ተቀራርቦ እንዲውል። ሥነ ሕይወት ላይም ሁለት የእንስሳት ዝርያዎች በአንድ አካባቢ ሲኖሩ ቃሉን ታገኚዋለሽ። በነዚህ ቦታዎች የጥንቱ ሰፊ ትርጉም በሕይወት አለ። ስለ ግለሰቦች ሲሆን ግን ጠባቡን ጠብቂ።

ሃይማኖቶች ወይም ሕዝቦች በሰላም አብረው ይኖራሉ ለማለት ስትፈልጊ «ኮኤግዚስት» የሚለውን ውሰጂ። ብዙ የኛ ሰው እዚህ ላይ ይሳታል። ስለ መቻቻል የተጻፈ ቆንጆ ድርሰት ውስጥ «ሁለቱ ማኅበረሰቦች ኮሃቢት ያደርጋሉ» የሚል ዓረፍተ ነገር አንብቤ አውቃለሁ። አንባቢ ሐሳቡን ይረዳል፤ ግን ለቅጽበት አእምሮው ወደማይፈለግ ቦታ ይሄድበታል።

ጥቂት የአጠቃቀም ነገር ልጨምርልሽ። አነጋገሩ መሐል ላይ ይጠብቃል፤ «ሃ» የምትለዋን ጠንከር አድርገሽ በያት። ስም ሲሆን፣ «ኮሃቢቴሽን» ስትዪ፣ ክብደቱ ወደ «ቴ» ይሄዳል። ቃሉ ሰውን በቀጥታ አይቀበልም፤ «ዊዝ» (ከ… ጋር) ያስፈልገዋል። «ቱጌዘር» ግን አትጨምሪበት፤ «ኮ» ራሱ አብሮ ማለት ስለሆነ «አብሮ አብሮ መኖር» ይሆንብሻል። «ኢንሃቢት» (አንድ ቦታ ውስጥ መኖር) ከሚለው ጋርም አታምታቺው። እሱ ቦታ ነው የሚፈልገው፦ ደሴት፣ ቤት፣ ጫካ። ይኼኛው ሰው ነው የሚፈልገው።

ወደ አማርኛ ስትተረጉሚውስ? እዚህ ላይ ጠንካራ አስተያየት አለኝ። ስለ ጥንዶች ከሆነ «አብሮ መኖር» ብቻ ብለሽ አትተዪው። አንቺን ራስሽን ያሳሳተሽ እሱ ነው። «ሳይጋቡ አብሮ መኖር» ወይም «ያለ ጋብቻ እንደ ባልና ሚስት መኖር» በይ። ረዘመ፤ ይርዘም። በሌላ በኩል «ውሽምነት» ወይም «ቁባት» የሚሉ ቃላት ውስጥ አትግቢ። እነሱ ፍርድ ይዘው ነው የሚመጡት። የእንግሊዝኛው ቃል ደግሞ ዛሬ ፍርድ አልያዘም። ተርጓሚ የሌለ ወቀሳ ከጨመረ ጽሑፉ የሌላ ሰው ሆነ ማለት ነው። ፎርም ላይ ሲሆን ነገሩ ከቅር መሰኘት ያልፋል። እንዲህ ብሎ የተተረጎመለት ሰው ምርጫው እሱን የሚመለከት ቢሆን እንኳ አፍሮ ሊዘለው ይችላል። ከዚያ እውነቱን የደበቀ ተደርጎ ይቆጠርበታል።

አንድ ነገር ደግሞ ለሌሎች አንባቢዎችም ይጠቅማል። ቃሉ በሕግ የሚሰጠው መብት ከአገር አገር በጣም ይለያያል። እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ ብዙ ሰው «ብዙ ዓመት አብረን ስለኖርን በሕግ ተጋብተናል» ብሎ ያምናል። አይደለም። እዚያ እንዲህ ያለ ጋብቻ የለም። ሃያ ዓመት አብራ የኖረች ሴት ቤቱ በእሱ ስም ብቻ ከሆነ፣ ሲለያዩ እንደ ሚስት ድርሻ መጠየቅ አትችልም። በንብረት ሕግ የራሷን አስተዋጽኦ ማስረዳት ይኖርባታል፤ ያ ደግሞ ከባድ መንገድ ነው። ስኮትላንድ ግን በ2006 ባወጣችው የቤተሰብ ሕግ ለእንደዚህ ያሉ ጥንዶች የተወሰኑ መብቶችን ሰጥታለች። እዚያው አንድ ደሴት ላይ ናቸው፤ ሕጉ ግን ሁለት ነው። ስለዚህ ይህ ቃል የእውነት የሚመለከተው ሰው ካለ፣ የሚኖርበትን አገር ሕግ ሳያይ መብት አለኝ ብሎ አይቀመጥ። «ኮሃቢቴሽን አግሪመንት» የሚባል ውልም አለ። ጥንዶቹ ማን ምን እንዳመጣና ሲለያዩ ማን ምን እንደሚይዝ አስቀድመው ይጽፉበታል። አንቺና ጓደኛሽ ግን የሚያስፈልጋችሁ የኪራይ ውል ብቻ ነው፤ የሁለታችሁም ስም ያለበት።

አሁን ስለ ጓደኛሽ። እውነቱን ልንገርሽ፤ ከፎርሙ ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ ይህ ነው። ፎርሙ በአንድ ኢሜይል ይስተካከላል። እሷ የተቀየመችው ቃሉን ስላላወቅሽ አይመስለኝም። «ሳትጠይቂኝ» ብላሻለች። ቃሉ ትክክል ቢሆን እንኳ ስሟ የማታውቀው መሥሪያ ቤት ፋይል ውስጥ ገብቷል። ይህ ያስቆጣል። ስለዚህ ስታናግሪያት ከቃሉ አትጀምሪ። «ትርጉሙን ስላላወቅኩ ነው» ብለሽ ከጀመርሽ ሰበብ ይመስላል። መጀመሪያ «ስምሽን ሳልጠይቅሽ መጻፍ አልነበረብኝም፤ ይቅርታ» በያት። እሱን ብቻ ብለሽ ትንሽ ዝም በይ። ትናገር። የምትፈራውን ነገር ልትነግርሽ ትችላለች። ምናልባት ነገ እሷም ፎርም ስትሞላ ይህ ይመጣብኛል ብላ ይሆናል። ስጋቷ ተገቢ ነው፤ አታቃልዪው።

ከዚያ የላክሽውን ኢሜይል አሳያት። ስሟ እንዲወጣ የጠየቅሽበትን መስመር በዓይኗ ታንብበው። መልስ ሲመጣም አስተላልፊላት፣ ኮፒው እሷም ጋ ይኑር። ቃሉን ማስረዳት የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ምናልባት ያኔ አብራችሁ ትስቁበት ይሆናል፤ ካልሳቀች ግን አታስገድጃት። ሁለት ዓመት ኩሽና የተጋራ ሰው በአንድ ሳምንት ዝምታ አይለያይም።

ከእንግዲህ በእንግሊዝኛ ስትጠየቂ የሚበቃሽ ዓረፍተ ነገር ይህ ነው፦ «አይ ሼር ኤ ፍላት ዊዝ ኤ ፍሬንድ»። ከጓደኛ ጋር ቤት እጋራለሁ ማለት ነው። ፍላት የብሪታንያዎች ቃል ነው፤ አሜሪካዊ ከሆነ የሚያናግርሽ «አፓርትመንት» በይ። ስለ እሷ ስትናገሪ ለብሪታንያዊ «ፍላትሜት»፣ ለአሜሪካዊ «ሩምሜት» ትያለሽ። አሜሪካኖቹ መኝታ ክፍላችሁ የተለያየ ቢሆንም ሩምሜት ነው የሚሉት፤ እንግሊዞቹ ግን ሩምሜት ሲባል አንድ መኝታ ክፍል የሚጋራ ሰው ሊመስላቸው ይችላል። «ፓርትነር» የሚለውን ግን ስለ እሷ አትጠቀሚ፤ አብሮ የሚሠራ የንግድ ሸሪክ ካልሆነ በቀር ዛሬ ፍቅረኛን ነው የሚያመለክተው። ፎርም ላይ የትዳር ሁኔታ ሲጠየቅ «ሲንግል» በይ። ከማን ጋር እንደምትኖሪ የሚጠይቅ ሌላ ቦታ ካለ እዚያ ጻፊያት፤ እሷን አስፈቅደሽ።

የማታውቂው ምርጫ ፎርም ላይ ሲገጥምሽ ደግሞ የቃሉን ፍቺ ብቻ አትዪ። ከፎርሙ ጋር የሚመጣውን መመሪያ ክፈቺ፤ ብዙ ጊዜ ቃላቱን ለይቶ ያብራራል። ከቃሉ ጎን ያሉትንም ምርጫዎች እይ። ያላገባ፣ ያገባ፣ የተፋታ በሚሉ ቃላት መሐል የተቀመጠ ቃል ስለ ቤት ኪራይ ሊሆን አይችልም። ጎረቤቶቹ ማንነቱን ይነግሩሻል።

ኢሜይሉን ላኪ፤ ማታ ጓደኛሽን አናግሪያት። መሥሪያ ቤቱ ምን ብሎ እንደመለሰልሽ ጻፊልኝ፤ እጠብቃለሁ።